በኀላፊ ላይ የቆመ ትንቢት፤ ስለ እስፓንኛ «ኮንዲሲዮናል» ግሥ የተዘጋጀ ትምህርት

የባዕድ ቋንቋ የሚማር ሰው መጀመሪያ የሚጨነቀው ስለ ቃላት ብዛት ነው። የእንጀራን፣ የውሃን፣ የመንገድንና የቤትን ስም ካጠና በኋላ ትምህርቱን ያጋመሰ ይመስለዋል። ነገር ግን ሰው ከሰው ጋራ በስም ብቻ አይግባባም። የሆነውን ካልሆነው፣ ቃል የተገባውን ከተመኙት ለይቶ ማስታወቅ ያስፈልጋል፤ ይህን የሚለየውም ግሥ ነው።

ለምሳሌ እንዲህ ያለ ነገር ይታሰብ። ከእስፓንያ ወደ ኢየሩሳሌም የመጣች አንዲት ተሳላሚ እንግዳ ተቀባዩን መነኩሴ «ሜ ኬዳሪያ ኡና ሴማና ማስ» አለችው። መነኩሴው «ሴማና» ሳምንት፣ «ማስ» ተጨማሪ ማለት መሆኑን ያውቃልና ተደሰተ፤ አመስግኖም ሄደ። አልጋዋ ለአንድ ሳምንት እንዲቈይላት አዘዘ። በማግሥቱ ጧት ግን ሻንጣዋን ይዛ በበሩ ቆማ አገኛት። እርሱ የሰማው «አንድ ሳምንት እቈያለሁ» የሚል ነበር፤ እርስዋ የተናገረችው ግን «አንድ ሳምንት እቈይ ነበር» የሚል ነው። እናቷ ታማባት ትመለስ ዘንድ ግድ ሆኖባት ነበር፤ ይህንኑ ልትነግረው ስትጀምር እርሱ አመስግኖ ስለ ተለያት ነገሩ በአፏ ቀረ። መነኩሴው ስንብትን እንደ ቀጠሮ ሰማ፤ ሊያጽናናት ሲገባውም ሳያጽናናት ቀረ።

«እቈያለሁ» በእስፓንኛ «ሜ ኬዳሬ» ነው፤ «እቈይ ነበር» ደግሞ «ሜ ኬዳሪያ» ነው። ልዩነቱ በመጨረሻዋ ድምፅ ብቻ ነው። ይህች በ«ሪያ» የምትጨርስ ግሥ በእስፓንያ ሰዋስው «ኮንዲሲዮናል» ትባላለች፤ የዚህም ትምህርት ጉዳይ እርስዋ ናት።

፩፤ ስለ አመጣጡ

በጥንቱ ላቲን ለብቻዋ የቆመች ኮንዲሲዮናል የምትባል ግሥ አልነበረችም። የተወለደችው ከሁለት ቃላት ጋብቻ ነው፤ አንዱ የግሡ ንኡስ አንቀጽ፣ ሁለተኛው «አለው» የሚለው ግሥ በኀላፊ ሲነገር «ነበረው» የሚለው ነው። ይህ አነጋገር በመጀመሪያ ጎልቶ የሚታየው በክርስቲያኖች ላቲን፣ ይልቁንም በ2ኛው መቶ ዓመት መጨረሻና በ3ኛው መጀመሪያ በጻፈው በቀርታግናው በተርቱልያኖስ መጻሕፍት ነው። እርሱና ከእርሱ በኋላ የተነሡት ጸሐፍት በነቢያት አስቀድሞ የተነገረውን፣ በጊዜውም ይፈጸም ዘንድ የነበረውን ነገር ለመግለጽ ይህን አነጋገር ይወዱት ነበር።

የግእዝና የአማርኛ ትምህርት ያለው ተማሪ ይህን ለመረዳት አይቸገርም። በቤተ ክርስቲያን አማርኛ «ይመጣ ዘንድ ያለው» ይባላል፤ ይህንኑ ወደ ኀላፊ ቢመልሱት «ይመጣ ዘንድ የነበረው» ይሆናል። እስፓንኛ «ቤኒር» (መምጣት) ከሚለው ንኡስ አንቀጽ ላይ «አቢያ» (ነበረው) የሚለውን ቀጥሎ፣ «አቢያ»ንም አሳጥሮ «ኢያ» ብቻ አስቀርቶ፣ «ቤንድሪያ» የሚለውን አወጣ። እንዲሁም «ቤንድሬ» (እመጣለሁ) የሚለው ትንቢት የተሠራው ከዚሁ ንኡስ አንቀጽና «አለኝ» ከሚለው «ኤ» ነው። ስለዚህ ትንቢቱና ኮንዲሲዮናሉ የአንድ እናት ልጆች ናቸው፤ አንዱ ዛሬ ላይ ቆሞ ወደ ፊት ያያል፤ ሁለተኛው ትናንት ላይ ቆሞ ወደ ፊት ያያል።

የሁለቱ ቃላት መጋጠሚያ በጥንቱ እስፓንኛ ገና አልደነደነም ነበርና በመካከላቸው ሌላ ቃል ይገባ ነበር፤ «እሰጥህ ነበር» ለማለት «ዳር ቴ ኢያ» ይሉ ነበር። ዛሬ እስፓንኛ «ቴ ዳሪያ» ይላል፤ ጎረቤቱ ፖርቱጋልኛ ግን የጥንቱን አገባብ እስከ ዛሬ በጽሕፈት ይጠብቃል። አንቶኒዮ ዴ ኔብሪሃ በ1492 ዓ.ም. (እዚህና ከዚህ በታች ያለው ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው) በሳላማንካ ባሳተመው የካስቲልያ ቋንቋ ሰዋስው እነዚህ ግሦች ከንኡስ አንቀጽ ጋራ የተጋጠሙ መሆናቸውን አመልክቷል።

የሰዋስው ሊቃውንት ለዚህች ግሥ ስም በማውጣት ረገድ አልተስማሙም። በቬኔዝዌላ ተወልዶ በቺሊ ያስተማረው አንድሬስ ቤዮ በ1847 ዓ.ም. ባወጣው ሰዋስው «ፖስፕሬቴሪቶ» አላት፤ ይህም «ከኀላፊ በኋላ ያለ» ማለት ነው። የእስፓንያ ንጉሣዊ አካዳሚ በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ክፍል «ፖቴንሲያል» ብሎ ለብቻዋ አቁሟት ነበር፤ በ1973 ዓ.ም. ባወጣው የሰዋስው ረቂቅ ግን ከዐበይት አንቀጾች ጋራ ቈጥሮ «ኮንዲሲዮናል» አላት። ከስሞቹ ሁሉ ለግእዝ ተማሪ ቅርብ የሚሆነው የቤዮ ስም ነው። የግእዝ መምህራን «ይቀትል» የሚለውን ትንቢት፣ «ቀተለ» የሚለውን ኀላፊ ይሉታልና፣ ኮንዲሲዮናል በኀላፊ ላይ የቆመ ትንቢት ነው ቢባል ነገሩ ይጠቀለላል።

፪፤ ስለ አረባቡ

በግእዝ ግሥ በዐሥሩ መራሕያን ይዘረዘራል። በእስፓንኛ ግን ዝርዝሩ ስድስት ብቻ ነው፤ ወንድና ሴት በግሡ አይለዩም። ንኡስ አንቀጹን ምንም ሳይቀንሱ ይዞ መድረሻውን መቀጠል ነው። «አብላር» (መናገር) እንዲህ ይዘረዘራል፤

ዮ አብላሪያ፤ እኔ እናገር ነበር።
ቱ አብላሪያስ፤ አንተ ትናገር ነበር (አንቺ ትናገሪ ነበር)።
ኤል፣ ኤያ፣ ኡስቴድ አብላሪያ፤ እርሱ ይናገር፣ እርስዋ ትናገር፣ እርስዎ ይናገሩ ነበር።
ኖሶትሮስ አብላሪያሞስ፤ እኛ እንናገር ነበር።
ቦሶትሮስ አብላሪያይስ፤ እናንተ ትናገሩ ነበር።
ኤዮስ፣ ኡስቴዴስ አብላሪያን፤ እነርሱ ይናገሩ ነበር (ኡስቴዴስ በሚባልበት ጊዜ «እናንተ» ይሆናል)።

«ኮሜር» (መብላት) «ኮሜሪያ»፣ «ቢቢር» (መኖር) «ቢቢሪያ» እያለ በዚሁ ይሄዳል። በሌላ ጊዜ እጅግ የሚያስቸግሩት «ሴር» (መሆን) እና «ኢር» (መሄድ) እንኳ በዚህ ቦታ የታዘዙ ናቸው፤ «ሴሪያ»፣ «ኢሪያ» ይላሉ። የ«እኔ»ና የ«እርሱ» ዝርዝር አንድ ስለ ሆነ፣ ነገሩ የሚያሻማ ሲሆን «ዮ» ወይም «ኤል» መጨመር ይገባል። በላቲን አሜሪካ «ቦሶትሮስ» አይነገርም፤ በርሱ ፈንታ «ኡስቴዴስ» ይባላል።

ከዚህ ሥርዓት የሚወጡ ዐሥራ ሁለት ግሦችና ከእነርሱ የተወለዱት ብቻ ናቸው። እነርሱም በሦስት ወገን ይከፈላሉ። አምስቱ በመካከል ያለውን ድምፅ ያጠፋሉ፤ «አቤር» (ረዳት ግሥ) «አብሪያ»፣ «ፖዴር» (መቻል) «ፖድሪያ»፣ «ሳቤር» (ማወቅ) «ሳብሪያ»፣ «ካቤር» (በቦታ መያዝ) «ካብሪያ»፣ «ኬሬር» (መፈለግ) «ኬርሪያ»። አምስቱ «ድ»ን ያስገባሉ፤ «ቴኔር» (መያዝ፣ ለራስ መኖር) «ቴንድሪያ»፣ «ፖኔር» (ማኖር) «ፖንድሪያ»፣ «ቤኒር» (መምጣት) «ቤንድሪያ»፣ «ሳሊር» (መውጣት) «ሳልድሪያ»፣ «ባሌር» (ዋጋ ማውጣት) «ባልድሪያ»። ሁለቱ ደግሞ ፈጽመው ያጥራሉ፤ «ዴሲር» (ማለት) «ዲሪያ»፣ «አሴር» (ማድረግ) «አሪያ»። ትንቢቱም በዚሁ ሥር ይረባልና፣ እነዚህን ዐሥራ ሁለቱን ያጠና ሰው በአንድ ድካም ሁለት ትምህርት ያገኛል።

ስለ ንባብ ሦስት ነገር ያስፈልጋል። አንደኛ፣ በሁሉም ዝርዝር ድምፁ የሚነሣው በ«ሪ» ላይ ነው። በግእዝ ተነሹን ወዳቂ አድርጎ ያነበበ ተማሪ በመምህሩ እንደሚታረም፣ በእስፓንኛም የድምፅ ቦታ ምሥጢር ይለውጣል፤ «አብላራ» በመጨረሻው ላይ ቢነሣ «ይናገራል»፣ በመካከሉ ላይ ቢነሣ «ቢናገር» ይሆናል። ሁለተኛ፣ «ኬሪያ» በላላ «ር» ሲነበብ «ይፈልግ ነበር (ፈልጎ ነበር)» ማለት ነው፤ «ኬርሪያ» በጠበቀ «ር» ሲነበብ ግን «ቢሆንለት ይፈልግ ነበር» ማለት ነው። «አለ» ሲላላ የተናገረ፣ ሲጠብቅ ያለ መሆኑን የሚያውቅ አማርኛ ተናጋሪ ይህን ከማንም ይልቅ ያስተውለዋል። ሦስተኛ፣ «ኮሚያ» (ይበላ ነበር፣ በልማድ) እና «ኮሜሪያ» (ቢያገኝ ይበላ ነበር) የሚለያዩት በመካከል ባለችው «ር» ነው፤ እርስዋን የዋጠ ሰው ነገሩን ሁሉ ይለውጣል።

፫፤ ስለ ሥራው

ኮንዲሲዮናል በተለይ አራት ሥራ አለው፤ አራቱም «በኀላፊ ላይ የቆመ ትንቢት» ከሚለው ይመነጫሉ።

የመጀመሪያው፣ ትናንት የተነገረን ቀጠሮ ማስታወስ ነው። «ዲሆ ኬ ቤንድሪያ» ማለት «እንደሚመጣ ተናገረ» ማለት ነው። አማርኛ የተናጋሪውን ቃል እንዳለ ይዞ «እመጣለሁ አለ» ይላል፤ እስፓንኛ ግን ከተናጋሪው ጋራ ወደ ኋላ ተመልሶ ትንቢቱን ከዚያ ያያል። ሰውየው ይምጣ ወይም ይቅር ግሡ አይናገርም፤ ቃሉን ብቻ ይመሰክራል።

ሁለተኛው ግምት ነው። «ቴንድሪያ ቤይንቴ አኞስ» ቢባል «ያን ጊዜ ሃያ ዓመት ይሆነው ነበር» ማለት ነው፤ ተናጋሪው ልደቱን አልቈጠረም፤ በመልኩ ገምቶ ነው። ጋዜጦችም ያልተረጋገጠ ወሬ ሲያወሩ «አብሪያ» የሚለውን ይጠቀማሉ፤ «ተብሏል» እንደ ማለት ነው። የሰዋስው መምህራን ይህን አጻጻፍ አይወዱትም፤ አንባቢው ግን ባገኘው ጊዜ ወሬውን እንደ ተፈጸመ ነገር እንዳይቀበል ሊጠነቀቅ ይገባዋል።

ሦስተኛው ትሕትናና ምክር ነው። «ፑዌዴ አዩዳርሜ» ማለት «ሊረዱኝ ይችላሉ?» ነው፤ «ፖድሪያ አዩዳርሜ» ግን «ቢቻልዎ ይረዱኝ ይሆን?» እንደ ማለት ነውና ይበልጥ የለዘበ ነው። «ኪዬሮ» (እፈልጋለሁ) ብሎ በሽማግሌ ፊት ከመናገር «ሜ ጉስታሪያ» (ደስ ይለኝ ነበር) ማለት ይሻላል። አማርኛም በዚህ መንገድ ይሄዳል፤ ትሑት ሰው «አንድ ነገር ልጠይቅዎ ፈልጌ ነበር» ይላል እንጂ ፍላጎቱ ያለፈ ሆኖ አይደለም። እንዲሁም «ዴቤሪያስ ዴስካንሳር» ማለት «ማረፍ ይገባህ ነበር፣ ብታርፍ ይሻልሃል» ማለት ነው፤ ትእዛዝን ወደ ምክር ያለዝባል።

አራተኛውና ስሙን ያወጣለት፣ ያልሆነን ነገር ማሰብ ነው። ይህ ሰፊ ስለ ሆነ ለብቻው ይነገራል።

፬፤ ስለ «ሲ»

በግእዝ ሊሆን የሚችለውን ነገር «እመ»፣ ያልሆነውን ነገር «ሶበ» ይለየዋል፤ ለ«ሶበ»ም በማሠሪያው ላይ «እም» ይመልስለታል። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 11 ማርታ ስለ ወንድሟ ሞት ለጌታችን የተናገረችው ቃል የዚህ አገባብ የታወቀ ምሳሌ ነው። እስፓንኛ ግን ለሁለቱም «ሲ» የሚል አንድ ቃል ብቻ አለው። ስለዚህ ልዩነቱን የሚሸከመው ግሡ ነው፤ ሦስት ደረጃም አለው።

«ሲ ቴንጎ ቲዬምፖ፣ ኢሬ»፤ ጊዜ ካገኘሁ እሄዳለሁ። ነገሩ ሊሆን ይችላል።
«ሲ ቱቢዬራ ቲዬምፖ፣ ኢሪያ»፤ ጊዜ ቢኖረኝ እሄድ ነበር። ጊዜ የለኝም፤ ወይም ማግኘቴ የራቀ ነው።
«ሲ ኡቢዬራ ቴኒዶ ቲዬምፖ፣ አብሪያ ኢዶ»፤ ጊዜ ኖሮኝ ቢሆን ኖሮ በሄድሁ ነበር። ዕድሉ አልፏል።

በሁለተኛውና በሦስተኛው ምሳሌ ኮንዲሲዮናል የሚገኘው በማሠሪያው ክፍል ብቻ ነው። በ«ሲ» ክፍል የሚገኘው «ቱቢዬራ» ሌላ ግሥ ነው፤ ሰዋስው «ሱብሁንቲቦ» ይለዋል፤ ከግእዝ ዘንድ አንቀጽ ጋራ የሚቀራረብ ነው። አወጣጡም ቀላል ነው፤ የኀላፊውን የ«እነርሱ» ዝርዝር ወስዶ «ሮን»ን ጥሎ «ራ»ን መተካት ነው። «ቱቢዬሮን» (ነበራቸው) «ቱቢዬራ»፣ «ሱፒዬሮን» (ዐወቁ) «ሱፒዬራ»፣ «ፉዌሮን» (ሄዱ፣ ሆኑ) «ፉዌራ» ይላል። በ«ራ» ፈንታ «ሴ» ቢገባም ትክክል ነው፤ «ቱቢዬሴ» ይባላል።

እንግዲህ ተማሪዎች ሁሉ የሚሰናከሉበት ስሕተት «ሲ ቴንድሪያ» ማለት ነው። ይህ ስሕተት የባዕድ ሰው ብቻ አይደለም፤ በባስክ አገር፣ በናቫራ፣ በላ ሪዮሃና በቡርጎስ አካባቢ ከእናታቸው ጡት ጋራ እስፓንኛን የጠጡ ሰዎች እንኳ እንዲህ ይናገራሉ። ተማሪው ቢሳሳት አይፈር፤ ነገር ግን የተማረ እስፓንኛ ይህን አይቀበልምና አይልመደው። በአንጻሩ የ«ራ» ግሥ ወደ ማሠሪያው ክፍል ሊገባ ይችላል፤ በ«አብሪያ ኢዶ» ፈንታ «ኡቢዬራ ኢዶ» ቢባል ስሕተት የለበትም፤ «ኬርሪያ»ም በብዙ ሰው አፍ «ኪሲዬራ» ይባላል። በቆዩ መጻሕፍት ደግሞ «ራ» በሁለቱም ክፍል ይገኛል። በሩ ወደ አንድ ወገን ብቻ የሚከፈት ነው፤ «ራ» ይወጣል፤ «ሪያ» አይገባም።

ከዚህ የሚለይ አንድ «ሲ» ብቻ አለ፤ እርሱም «እንደ ሆነ» የሚል የጥያቄ «ሲ» ነው። «ኖ ሴ ሲ ፖድሪያ» ማለት «ይችል እንደ ሆነ አላውቅም» ነው። ይህ ውል ስላልሆነ ኮንዲሲዮናልን ይቀበላል።

፭፤ አማርኛ ተናጋሪ ስለሚስትበት ነገር

አማርኛ «ይሄድ ነበር» በሚል አንድ አነጋገር ሁለት ነገር ይናገራል። «በልጅነቱ ከአባቱ ጋራ ወደ ገበያ ይሄድ ነበር» ሲባል የተፈጸመ ልማድ ነው። «ጊዜ ቢያገኝ ይሄድ ነበር» ሲባል ግን ያልተፈጸመ ነገር ነው። እስፓንኛ ፊተኛውን «ኢባ»፣ ሁለተኛውን «ኢሪያ» ይለዋል። ሁለቱን የቀላቀለ ሰው ያላደረገውን እንዳደረገ፣ ያደረገውንም እንደተመኘው ብቻ አድርጎ ይናገራል፤ በምስክርነት ቦታ ቢሆን ትልቅ ጥፋት ነው።

መለያው አማርኛው ራሱ ዘንድ ይገኛል። «ይሄድ ነበር» የሚለውን «በሄደ ነበር» ብሎ መለወጥ ነው። «ጊዜ ቢያገኝ በሄደ ነበር» ቢባል ነገሩ ይሰማል፤ ስለዚህ «ኢሪያ» ነው። «በልጅነቱ ከአባቱ ጋራ ወደ ገበያ በሄደ ነበር» ቢባል ግን የልማዱ ምሥጢር ይጠፋል፤ ስለዚህ «ኢባ» ነው። ይህ መለያ ለአራተኛው ሥራ ያገለግላል እንጂ ለቀጠሮና ለግምት አይሆንም።

መልመጃ

የሚከተሉት ወደ እስፓንኛ ይመለሱ። መልሱ ከታች ነው፤ አስቀድሞ ያየ ግን ራሱን ይጐዳል።

1. ገንዘብ ቢኖረኝ መጽሐፉን እገዛ ነበር።
2. በልጅነቴ በየቀኑ እዘምር ነበር።
3. በማግሥቱ እንደሚመጡ ነገሩን።
4. በሩን ቢከፍቱልኝ? (በትሕትና፣ ለአንድ ሰው)
5. ይህን ባውቅ ኖሮ ባልመጣሁ ነበር።

መልስ። 1. ሲ ቱቢዬራ ዲኔሮ፣ ኮምፕራሪያ ኤል ሊብሮ። 2. ዴ ኒኞ ካንታባ ቶዶስ ሎስ ዲያስ (ልማድ ስለ ሆነ ኮንዲሲዮናል አይገባውም፤ ተናጋሪዋ ሴት ብትሆን «ዴ ኒኛ» ትላለች)። 3. ኖስ ዲሄሮን ኬ ቤንድሪያን አል ዲያ ሲጊዬንቴ። 4. ፖድሪያ አብሪርሜ ላ ፑዌርታ? 5. ሲ ሎ ኡቢዬራ ሳቢዶ፣ ኖ አብሪያ ቤኒዶ።

በመጨረሻም ወደዚያች ተሳላሚ እንመለስ። «ሜ ኬዳሪያ» ባለች ጊዜ «ሲ» አልተናገረችም፤ ስለዚህ ነገሯ ገና ግማሽ ነበር። በእስፓንያ ሰዎች አፍ እንዲህ ያለ ብቸኛ ኮንዲሲዮናል አብዛኛውን ጊዜ «ፔሮ» የሚል ቃል ይከተለዋል፤ እርሱም «ነገር ግን» ማለት ነው። እንግዳ ተቀባዩ «ሪያ» የሚል ድምፅ በሰማ ጊዜ ለማመስገን አይቸኵል፤ ጥቂት ዝም ብሎ «ፔሮ»ን ይጠብቅ። ካልመጣም ራሱ በለሰለሰ ድምፅ «ፔሮ?» ብሎ ይጠይቅ። ያን ጊዜ የእናቷን ሕመም ትነግረዋለች።